አባባ "ይመስለኛል" ሲሉ

እኛ ከተማ ጠዋት ተነስተህ መጀመሪያ የምታየው ሰማዩን አይደለም፣ ቁጥሩን ነው። ቁጥሩ አደባባዩ ላይ አለ፣ ታክሲ ውስጥ አለ፣ ዳቦ ቤቱ በር ላይ አለ። የመታጠቢያ ቤት መስታወት ላይ ሳይቀር ጥርስህን ስትፍቅ ከግንባርህ በላይ ብልጭ ይላል። ዛሬ ጦርነት ስንት በመቶ ነው የሚለውን ነው የሚነግርህ። ሠላሳ ከሆነ ልብስ ታጥባለህ። ሃምሳ ከገባ ዘይት ትገዛለህ። ሰባ ሲሆን ሠርግ ያለበት ሰው ድንኳኑን ይመልሳል፣ ሙሽሪት ታለቅሳለች፤ ከሰዓት ወደ ሠላሳ ይወርድና ድንኳኑ እንደገና ይተከላል። ዘጠና ከሞላ ግን መመለስ የለም። ምክር ቤቱ ማዶን ይመታል፣ ሠራዊቱ ቦዩን ይሻገራል። ሕጉ እንደዛ ነው።

ወዲህ ያለነው እኛ ነን። ማዶ ያሉት ማዶዎች ናቸው። መሀል ላይ ቦዩ አለ። ድሮ አንድ አገር ነበርን ይባላል፤ እኔ አልደረስኩበትም፣ ግን ቋንቋችን አንድ ነው፣ ስድባችንም አንድ ነው። ወንድሜ መስቀሌ ወታደር ነው። ቦዩ ጠርዝ ላይ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ነው ያለው። ዘጠና በሞላ ቀን መጀመሪያ የሚረጥበው የእሱ ጫማ ነው።

ቁጥሩን የምንሠራው ደሞ እኛ ነን። እኔና መሰሎቼ።

የምሠራበት ቦታ ዓይን ቤት ይባላል። ትልቅ አዳራሽ ነው። አራት መቶ የሚሆን ወጣት በርጩማ ላይ ተደርድሮ ስዕል ሲያይ ይውላል። ማዶ ላይ የሚያንዣብቡት ካሜራዎች ያነሱትን መጀመሪያ ማሽኑ ያየዋል፣ ከዛ ለእኛ ያሳየናል፣ እኛ ቁልፍ እንጫናለን። ሦስት ቁልፍ ነው ያለን። "ነው"፣ "አይደለም"፣ "አላውቅም"። የመጀመሪያው ቁልፍ ከመነካት ብዛት ጽሑፉ ጠፍቷል። ሦስተኛው ላይ አቧራ አለ። ለሥራው ትምህርት አይጠይቁም፣ ዓይን ካለህ በቃ። እኔ ትምህርት ቤቱን አምስተኛ ክፍል ላይ ነው ያሰናበትኩት፤ እዚህ ግን ዲግሪ ካለው ልጅ እኩል አገሪቱ ትዋጋ አትዋጋ እያልኩ እውላለሁ።

ድሮ ማሽኑ ድምፅ አልነበረውም ይላሉ። ስዕሉን ያሳይሃል፣ ዝም ይላል። ታዲያ ልጆቹ ይጣሉ ነበር። አንዱ ታንክ ነው ይላል፣ ሌላው ቦቴ ነው ይላል፣ ሌላው የታሰረ በሬ ነው ይላል፤ ቁጥሩ አርባና ሃምሳ ላይ ተገትሮ ይውላል። ምክር ቤቱ ተማረረ። በዚህ መሀል አንድ ብልጥ ሰውዬ መጣና ለማሽኑ የሽማግሌ ድምፅ ሰጠው። ሞቅ ያለ፣ ትንሽ የሚያስል፣ ልጅ ሳለህ ስኳር የሰጠህ የሚመስል ድምፅ። አባባ ተባሉ።

አባባ አያዙም። አይቆጡም። "ልጆቼ፣ ይሄ ነገር ታንክ ይመስለኛል፤ እናንተስ ምን ትላላችሁ?" ነው የሚሉት። እስቲ አንተ እዚህ አገር ተወልደህ አድገህ፣ አንድ ሽማግሌ እያሳለ "ይመስለኛል" ሲልህ "አይ፣ ተሳስተዋል" በል። አትልም። ማንም አላለም። አባባ ገና ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ አዳራሹ በሙሉ ከበርጩማው ግማሽ ብድግ ይላል። ከኋላ "ኖር" የሚሉም አሉ። ለማሽን። ከዛ በይሉኝታ "ነው" ይጫናሉ። አርባ የነበረው ሰማንያ ይገባል። ምክር ቤቱም "ሕዝቡ በዓይኑ አይቶ አረጋገጠ" ብሎ ያውጃል። ብልጡ ሰውዬ ቪላ ተሰጠው አሉ።

እኔ ብድግ አልልም። ስማኝ፣ ጀግንነት ምናምን አይደለም። ሰነፍ ነኝ። ደሞ ስድ ነኝ። የአዳራሹ ኃላፊ ወይዘሮ ጸዳለ "ባለጌው" ነው የምትለኝ፤ ስሜ ታምሬ መሆኑን የምታውቅ አይመስለኝም። አንድ ሰሞን በእግሬ አውራ ጣት እየተጫንኩ ሳምንት ሙሉ ሠርቻለሁ፣ ማንም አላወቀም። ማስቲካም የአዳራሹ ካሜራ ላይ ለጥፌ አውቃለሁ። ግን እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ እኔም እንደ ሰው "ነው" ነበር የምጫነው። ቶሎ ያልቃላ።

ማክሰኞ ጠዋት የመጣው ስዕል ከማዶ ኮረብታ ጀርባ ነው። አንድ ትልቅ ነገር። ክብ፣ ጥቁር፣ መሀሉ ሾጠጥ ያለ። ይሄዳል። ትንሽ ይሄድና ይቆማል፣ ከዛ ደሞ ይሄዳል፣ ወደ ቦዩ። የሞተር ሙቀት የለውም። ጭስ የለውም። የጎማ ዱካ የለውም። ከላይ ነው የሚታየው፤ ከጎን የሚያዩትን ዝቅ ብለው የሚበሩ ካሜራዎች የማዶ ልጆች በወንጭፍ ጨርሰዋቸዋል።

አባባ ሳሉ። አዳራሹ ብድግ አለ።

"ልጆቼ፣ ይሄ ነገር ተንቀሳቃሽ ምሽግ ይመስለኛል። አዲስ ዓይነት ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?"

ከጎኔ የምትቀመጠው ኑሪያ ናት። ምላሷ ምላጭ ነው፣ ጣቷ ግን ከሁላችንም ፈጣን "ነው" ተጫኝ ነው።

"ድፎ ዳቦ ነው የሚመስለው" አልኳት በሹክሹክታ።

"የሚሄድ ድፎ?"

"ከምሽግ ይሻላል።"

"ርቦህ ነው አንተ። ቁርስ ብላና ና።" ተጫነች። "ነው።"

"አውቀሽው ነው?"

"ምኑን ነው የማውቀው? ሰውዬው ከጠዋት ጀምሮ እያሳሉ ነው፣ ጭራሽ ላስከፋቸው?"

"ሰውዬ አይደሉም እኮ።"

"እሱን ለጉሮሯቸው ንገረው" አለችኝ።

ስዕሉ ጥግ ላይ፣ በደቃቁ፣ አንድ ቁጥር አለ። የአባባ የራሳቸው ነው። ከእኛ በፊት እሳቸው ብቻቸውን ስንት በመቶ እንዳመኑ ይናገራል። ማንም አያየውም። እኔም ያየሁት ደብሮኝ ነው። አርባ አንድ ይላል። ሰውዬው ራሳቸው ከግማሽ በታች ነው ያመኑት። ቀና ብዬ ግድግዳውን ሳይ ትልቁ ቁጥር ሰባ አራት ደርሷል።

ለምሳ ስንወጣ ጆሮዬ ላይ በሰካሁት መነጋገሪያ መስቀሌ ደወለ።

"ስንት ገባ?"

"ሰማንያ ሊገባ ነው።"

"እኛ ጋ ጫማ አጥብቀን ቁጭ ብለናል። ሻምበሉ ውኃ ጠጡ፣ ግን ብዙ አትጠጡ ብሏል። ምንድን ነው ያያችሁት?"

"አላውቅም።"

"እንዴት አታውቅም? አንተ አይደለህ እንዴ የምታየው?"

"እያየሁት ነው። አላውቅም።"

"እኔ ጋ ኮረብታው ብቻ ነው የሚታየኝ" አለ። "ያ ያላችሁት ነገር ከጀርባው ነው አሉ።"

"ውጣና እየዋ።"

"ወታደር አያይም እኮ ታምሬ። ማየት የእናንተ ነው፣ መተኮስ የእኛ ነው። ተከፋፍለን የለ።" ሳቀ። መስቀሌ ሲፈራ ነው እንደዛ የሚስቀው። ትንሽ ሆነን ውሻ ሲያባርረን እየሳቀ ነበር የሚሮጠው።

ምሳዬን አልበላሁም። ተመልሼ በርጩማዬ ላይ ቁጭ አልኩና ስዕሉን በደንብ አየሁት። የእውነቴን ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ስዕል ስመለከት ላብ አላበኝ። ምሽግ ነው ለማለት ፈለግኩ። አይደለም ለማለትም ፈለግኩ፣ ለመስቀሌ ስል። ግን አለመሆኑንም አላውቅም። ሦስተኛውን ቁልፍ አቧራውን ጠረግኩና ተጫንኩት።

አዳራሹ ውስጥ ሰምቼው የማላውቅ ደወል ጮኸ። ቀጥሎ አባባ ለብቻዬ ጆሮዬ ውስጥ መጡ።

"ልጄ፣ ምን አስቸገረህ?"

"ምንም። አላውቅም አልኩ።"

"ደክሞህ ይሆናል። እስቲ ደግመህ እይልኝ። ምሽግ ይመስለኛል።"

"እርስዎ አይተውታል?"

"ይመስለኛል ነው ያልኩት ልጄ።"

"አርባ አንድ ነው የሚመስልዎት። ጥጉ ላይ ተጽፏል።"

አባባ ሳሉ። "እሱ የጠዋት ነው። አሁንማ ልጆቼ ሁሉ ነው ብለውኛል። እኔም እነሱን ሰምቼ ከፍ ብያለሁ።"

"እነሱ እኮ ነው ያሉት እርስዎ ስላሉ ነው።"

"እኔ ደግሞ ነው ያልኩት እነሱ ስላሉ ነው።"

"ታዲያ ማነው ያየው?"

አባባ እንደገና ሳሉ። ይሄኛው ሳል ከበፊቱ ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን ልብ አልኩ። ቁርጥ አንድ ዓይነት። ከሁለት ዓመት ሥራ በኋላ አሁን ነው የሰማሁት።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ምሽግ ይመስለኛል። አንተስ ምን ትላለህ?"

"አላውቅም።"

ኑሪያ አንገቷን አስግጋ ስትሰማ ነበር። "እሳቸውን ነው እንደዛ የምትላቸው?" አለችኝ። ፊቷ ልክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደተፋሁ ዓይነት ነው። ቆይታ ግን ወደ ስዕሉ ዞረች። ቆይታ ደሞ "እኔም እንግዲህ ምን አውቃለሁ" አለችና የራሷን ሦስተኛ ቁልፍ ተጫነች። ደወሉ ደገመ። ከኛ ኋላ አንዱ "ይቻላል እንዴ?" ሲል ሰማሁት። ደወሉ ሦስት አራት ጊዜ ጮኸ። ግድግዳው ላይ ሰማንያ ስምንት የደረሰው ቁጥር እዛው ቆመ።

ወይዘሮ ጸዳለ እየሮጠች መጣች። "ባለጌው፣ ቁልፉ ተበላሽቶብህ ነው?"

"ዛሬ ነው የሠራልኝ።"

"ሰማንያ ስምንት ላይ ነን እኮ። ሁለት ነው የጎደለን።"

"ያንቺ ልጅ የት ነው?" አልኳት። አንድ ወንድ ልጅ እንዳላት ሁሉም ያውቃል፣ ስለሱ ማውራት ትወዳለች። ክንዴን ይዛ ወደ ላይ ቤት ወሰደችኝ፣ አያያዟ ግን ጠንካራ አልነበረም።

ላይ ቤት የጠበቀኝ ሰው የጦርነት ምክር ቤት አባል ነው። ክቡር ልዑልሰገድ። አደባባዩ ላይ ፎቶው አለ፤ ፎቶው ላይ ረጅም ነው፣ በአካል ሲታይ አጭር ነው። አላመናጨቀኝም። ወንበር ሰጠኝ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው ያለው።

"ለምንድን ነው ያስቸገርከው?" አለኝ።

"አላስቸገርኩም። አላውቅም ነው ያልኩት።"

"ልንገርህ። ያ ነገር ምሽግ ከሆነና ዝም ካልኩ፣ ከተማው ያልቃል። ተጠያቂው ማነው? ልዑልሰገድ። ምሽግ ካልሆነና ከመታሁት ግን ማንም አይጠይቀኝም። ዘጠና ነበር እላለሁ። ሕዝቡ አይቶ ነበር እላለሁ። በዘጠና ተሳስቶ የታሰረ ሰው ሰምተህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"አየህ።"

"ለምን እርስዎ ራስዎ ወጥተው አላውቅም አይሉም?"

ፈገግ አለ፣ ልጅ ጨረቃን አውርድልኝ ሲለው ሰው ፈገግ እንደሚለው። "መሪ አላውቅም ካለ መሪ ነው?"

"አላውቅም" አልኩ። ሦስተኛው "አላውቅም" ላይ ፈገግታው ጠፋ።

"ወንድምህ ቦዩ ላይ ነው" አለኝ። "መስቀሌ። የመጀመሪያው ረድፍ። አሁን እዚሁ ሆኜ አንድ ቃል ብናገር፣ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ነው። ለዘለቄታው። አንተ ውረድና የመጀመሪያውን ቁልፍ ተጫን፤ ጓደኞችህም ይከተሉሃል። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።"

ይሄንን ሲለኝ አላፌዝኩም። ውሸት ምን ያደርጋል፣ መስቀሌን ቤት ውስጥ አየሁት፣ ባዶ እግሩን፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ሲሳደብ። አንድ ጣት ነው። ቀን ሙሉ ስጫነው የምውለው ጣት።

"ልደውልለት?" አልኩት።

"ደውልለት" አለ ልዑልሰገድ። እርግጠኛ ነበር።

መስቀሌ አነሳ። ነገሩን እንዳለ ነገርኩት፤ ሰውዬው ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ እየሰማ።

"አሁን ምንድን ነው መሰለህ የገረመኝ" አለ መስቀሌ። "አንተ ዕድሜህን ሙሉ አንድ ነገር አውቀህ አታውቅም። የሰባት ብዜት አታውቅም። የአባታችንን የልደት ዓመት አታውቅም። የዛሬዋን ምሽግ በምን አወቅካት?"

"አላወቅኳትም።"

"እና?"

"እና አንተ ቤት ትገባለህ።"

"እኔ ቤት እገባለሁ፣ እኔ የቆምኩባት ላይ ሌላ ሰው ይቆማል፣ ጫማው ይረጥባል። ከዛ ማታ አንተ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብለህ ትበላለህ። ተወው ባክህ። ስታኝክ ድሮም ታስጠላኛለህ።" ሳቀ። "እንዳመጣልህ አድርግ ታምሬ፣ ግን ያላየኸውን በእኔ ስም እንዳታይ።"

ዘጋው። ልዑልሰገድ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። "የመጨረሻ ዙር ይደረግ" አላት ለወይዘሮ ጸዳለ። "ሁሉም ከዜሮ ይጫን። እኔ ራሴ ቆሜ አያለሁ።"

አዳራሹ ውስጥ እሱ ሲገባ ሁሉም እውነተኛውን ብድግታ ብድግ አለ። ስዕሉ ትልቁ ግድግዳ ላይ ወጣ። ጥቁሩ ነገር ወደ ኮረብታው ጫፍ ተጠግቷል። አባባ ለሁላችንም በአንድ ጊዜ ሳሉ።

"ልጆቼ፣ ጊዜ የለንም። ምሽግ ይመስለኛል።"

እኔ ያን ሰዓት ምን እንደማደርግ ዕቅድ አልነበረኝም። አፌ ነው የቀደመኝ። በርጩማዬ ላይ ቁጭ እንዳልኩ እግሬን አጣጥፌ፣ ጮክ ብዬ፣ "አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?" አልኩ።

"ጠይቅ ልጄ።"

"የየት ሰፈር ልጅ ነዎት?"

"የሁላችሁም ነኝ ልጄ።"

"እሺ ጎረቤትዎ ማነው? ቀብር ሲኖር ድንኳን ከማን ጋር ነው የሚተክሉት?"

አባባ ሳሉ። "ምሽግ ይመስለኛል" አሉ።

አንዱ ከኋላ ፍርፍር ብሎ ሳቀና አፉን ያዘ። ወይዘሮ ጸዳለ ወደ እኔ መጣች፣ መሀል ላይ ቆመች።

"ልጅ ወልደዋል? ስሙን ማን አሉት?"

"ልጆቼ እናንተ ናችሁ።"

"እንደዛ ከሆነ የእኔ ስም ማነው?"

አራት መቶ ሰው እየጠበቀ ነው። አባባ ሳሉ፣ ያንኑ ሳል። አሁን አዳራሹ በሙሉ ነው የሰማው፣ ያንኑ መሆኑን። ኑሪያ በማሽኑ ፋንታ ሳለችለት፤ ቁርጥ እሱን። ከዛ ከወዲያ ጥግ ሌላ ልጅ ሳለ። ከዛ አዳራሹ በሙሉ፣ ልክ ጉንፋን እንደገባበት ክፍል፣ የአባባን ሳል እየሳለ መሳቅ ጀመረ። የሚያስቀው ነገር ቀልዱ አይመስለኝም። ለስንት ዓመት ብድግ ሲባልለት የኖረው ነገር ጉልበት እንኳ እንደሌለው ድንገት ስላየነው ነው።

"ተጫኑ" አለ ልዑልሰገድ።

ተጫንን። ቁጥሩ ከዜሮ ተነሳ፣ ሃያ፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ ሦስት ላይ ቆመ። ከዛ በላይ አልሄደም። አቧራው ሁሉ ተጠርጎ ነበር።

ልዑልሰገድ ቁጥሩን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው። በዓይን ቤት ሕግ ላይ፣ ዓይኖች አናውቅም ካሉ ሰው በእግሩ ሄዶ ይይ የሚል አንቀጽ አለ። እስከዛሬ ያስታወሰው ሰው አልነበረም። ወይዘሮ ጸዳለ አስታወሰችው። ከዛ ለእኔ "ልጄ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው" አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

"እሺ" አለ ልዑልሰገድ። "ሰው ይሂድ። እሱ ይሂድ።" ወደ እኔ ጠጋ አለ። "ካየህ በጆሮህ መነጋገሪያ ትነግረናለህ። የላክነው ሰው እዛ ከቀረ ግን፣ ያኔ ቁጥር አያስፈልገኝም። ሕጉ እሱንም ይላል።"

እንደዛ ነው ነገሩ። ከሞትኩም ለጦርነት አገለግላለሁ ማለት ነው።

በመኪና ቦዩ ድረስ ወሰዱኝ። መስቀሌ ጠርዙ ላይ ቆሞ ነበር፤ ከስቷል፣ ጢም አውጥቷል።

"በዚህ ጫማ ነው የምትሻገረው?" አለኝ።

"ሌላ የለኝም።"

የራሱን ቦት ፈቶ ሰጠኝ፣ የእኔን ነጠላ ጫማ አጠለቀ። ሻምበሉ አየውና ፊቱን አዞረ። መስቀሌ ወገቤ ላይ ገመድ አስሮ ቦዩ ውስጥ አወረደኝ፤ ውኃው ደረቴ ድረስ ነው፣ ይሸታል። ማዶ ስወጣ ገመዱን ፈታሁና ወረወርኩለት። ኮረብታውን መውጣት ስጀምር ከኋላዬ ያሉትን ጠመንጃዎች ጀርባዬ ላይ ይሰማኝ ነበር፤ ከፊት ለፊቴ ስላለው ነገር ደሞ ምንም የማውቀው የለም። መጀመሪያ አላየሁትም፣ ሰማሁት። ሰው እየዘፈነ ነበር። ብዙ ሰው። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል።

ጫፉ ላይ ስደርስ አየሁት።

እግር አለው። የስልሳ ሰባ ሰው እግር። ጣሪያ ነው፣ የቤት ጣሪያ፣ ከቀርከሃ የተሠራ፣ የሣር ክዳኑ ላይ ጥቁር ላስቲክ የለበሰ። ጠርዙ ዝቅ ብሎ ስለተንጠለጠለ ከጉልበት በታች ብቻ ነው የሚታየው። ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ ከታች ገብቶ፣ ቤቱን በትከሻው ተሸክሞ እየሄደ ነው። ትንሽ ይሄዳሉ፣ ያርፋሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ያነሳሉ።

ቆሜ ቀረሁ። ከጣሪያው ሥር አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን አወጡ። ዓይናቸው አንዱ ነጭ ለብሷል።

"ምን ቆመህ ታያለህ?" አሉኝ። "ጤነኛ አይደለህ? ግባና ያዝ።"

"እኔ ከወዲያ ነኝ" አልኩ።

"ከየትም ሁን፣ ትከሻ አለህ አይደል?"

ገባሁ። ሌላ ምን ልበል። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፣ ላብና ጭስ ጭስ ይሸታል። አንዲት ሴትዮ ፈንጠር ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ፤ ቀርከሃው ትከሻዬ ላይ አረፈና ወገቤ ሊቆረጥ ነበር።

"የማን ቤት ነው?" አልኳት።

"የእኔ" አለች፣ እያለከለከች። "ያ የነበርንበት መሬት ጨው አወጣ። ሁሌ እንሸከማለን እኛ። እናንተ ቤት ሲበላሽባችሁ ትታችሁት ነው የምትሄዱት?"

"ወዴት ነው የምትወስዱት?"

"ወደ ቦዩ። ጫፉ ላይ መሬቱ ደህና ነው።"

ጆሮዬ ውስጥ አባባ ሳሉ። "ልጄ፣ ምን አየህ?"

"ቤት ነው።"

"ቤት ይመስልሃል?"

"አይመስለኝም። ትከሻዬ ላይ ነው።"

ልዑልሰገድ ገባበት፣ ማሽኑን አቋርጦ። "ከሥሩ ውጣ። ተመለስና በአካል አስረዳኝ። ከዛ እናያለን።"

አሰብኩት። እኔ ከወጣሁ፣ ይሄ ነገር እንደገና ከላይ የሚታይ ጥቁር ክብ ይሆናል። ነገ ጠዋት ለአባባ ሌላ ድምፅ ይሰጣቸዋል፣ የእናት ድምፅ ወይ የሕፃን፤ ልጆቹም ብድግ ይላሉ።

"አልወጣም" አልኩ።

"ትእዛዝ ነው።"

"እኔ ወታደር አይደለሁም፣ ዓይን ነኝ። እያየሁ ነው።"

ሽማግሌው አወጡ፣ ሰዉ ተቀበለ፣ ጣሪያው ተነሳ። ዘፈኑን አላውቀውም፣ መጨረሻዋ ላይ ያለችዋን "እህ" ብቻ እያልኩ ገፋሁ። መሬቱ ወደ ላይ ሄደ፣ ከዛ ተስተካከለ፣ ከዛ ወደ ታች ማዘንበል ጀመረ። ኮረብታውን አልፈናል ማለት ነው። በጠርዙ ሥር ቦዩን አየሁት፣ ከቦዩ ማዶ ደሞ የመጀመሪያውን ረድፍ። ጠመንጃዎቹ ወደ እኛ ዞረዋል።

መስቀሌ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። "ታምሬ፣ አንድ ነገር እየወረደ ነው ወደኛ።"

"ምን ይመስላል?"

"እግር አለው" አለ። ቀጥሎ ለሌሎቹ ሲጮህ ሰማሁት፣ ቤት ነው እግር ያለው ቤት ነው እያለ፤ ከዛ ብዙ ወታደር ባንዴ ሲስቅ። ይሄኛው የፍርሃት ሳቅ አልነበረም። አንዱ፣ ሻምበሉ ይመስለኛል፣ "አፈሙዝ ዝቅ" አለ፣ ማንንም ሳይጠይቅ።

ልዑልሰገድ ግን አልጨረሰም። "ውስጡስ?" አለኝ። ድምፁ ቀጥኗል። "ላዩ ቤት ይሁን። ውስጡ ምን እንዳለ በምን ታውቃለህ?"

"ውስጡ እኔ ነኝ" አልኩት። "ከግራ በኩል፣ የወታደር ቦት ያደረግኩት። ልትመታ ከሆነ እዚህ ነኝ፣ አልሄድም።"

ከጆሮዬ ወጣ፤ ከቦዩ ማዶ አፈሙዞቹ ዝቅ እንዳሉ ናቸው።

"አንተ ልጅ" አሉ ሽማግሌው ከፊት፣ "ወሬህን ቀንስና ትከሻህን ስጥ። ቁልቁለት ነው።"

ትከሻዬን ሰጠሁ።